በሞጣ ሜዳ ላይ ያለው አረንጓዴ

ቢቸና፣ መስከረም 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለማርያማዊት፣ ናይሮቢ

እስክሪብቶውን የያዘው የኔሰው ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። እጁ የሱ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። «ከአፌ የወጣውን ሁሉ ጻፍ፤ አታሳምር፣ አትቀንስ» ብዬዋለሁ። ገና ስንጀምር «ጉዳዩ፦» ብሎ ከሥሩ አስምሮበት ነበር፣ አሰርዤዋለሁ። የልጅ ልጅና አያት ጉዳይ የላቸውም።

እንደምን ነሽ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው፣ ዓይኔ ደኅና ነው፣ ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው። «ለምን በስልክ አናወራም» ብለሽ ጠይቀሻል። ስልክ ለኔ የንብ ቀፎ ነው፤ ይጮሃል እንጂ ቃል አይወጣውም። ጆሮዬን የበላው የዳኮታ አውሮፕላን ሞተር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከክንፉ ሥር ቆሜአለሁ። ሌላው ሰው በእርጅና ይደነቁራል፣ እኔ በሥራ ነው የደነቆርሁት። ልዩነቱን ዕወቂልኝ።

የላክሽው ወረቀት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር እጅ ደረሰኝ። የኔሰው ወደ ቤቱ ጓሮ ወስዶኝ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ቀን ሆቴል እየሠራሽ፣ በትርፍ ሰዓትሽ እየተማርሽ፣ የማብረሩን ፈቃድ በእጅሽ ማስገባትሽን ሰማሁ። ደስ አለኝ። አላለቀስሁም። አለቀሰ ብሎ የሚነግርሽ ካለ ዋሽቷል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከናይሮቢ ተነሥተሽ፣ አርባ ምንጭ ዐርፈሽ፣ አዲስ አበባ አድረሽ፣ ዓባይን ተሻግረሽ ባሕር ዳር ልትገቢ አስበሻል። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ጮቄን በአናቱ መዝለል ይከብዳታል፣ ተራራውን በግራ ትቼ በቢቸናና በሞጣ በኩል ልለፍ ወይ ብለሻል። ልክ ነሽ። ጮቄ ላይ አትሂጂ። ጥር ላይ ጧቱ ጥርት ያለ ነው፤ ከረፋድ በኋላ ግን ተራራው ነፋስ ይጠራል። ዳኮታዎቹም ከአራት ሰዓት በፊት ነበር የሚገቡት። የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ሲሞቅ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል፤ ፓይለቶቹ ከወረዱ በኋላ ወገባቸውን ይዘው «ዛሬስ ደበደበን» ይሉኝ ነበር። በጊዜ ተነሺና በጊዜ ተሻገሪው።

ባሕር ዳር ደመና ቢዘጋብሽ፣ ወይም ሞተሩ መንገድ ላይ ቢያመው የምታርፊበት ሜዳ ስትፈልጊ በአሮጌ ካርታ ላይ ሞጣን አገኘሽ። አዎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት የኔ ሜዳ ነው። ርዝመቱን ጠየቅሽኝ፤ አንድ ሺ ስድስት መቶ ርምጃ ነው። ፊደል ባልቆጥር ርምጃ እቆጥራለሁ። በየመቶው አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አዛውር ነበር፤ ጫፍ ስደርስ ዐሥራ ስድስት ጠጠር። አፈሩን ጠየቅሽኝ፤ ክረምት ጎማ ይይዛል፣ ጥር ላይ እንደ አውድማ ደርቆ ይጠብቅሻል። ነፋሱን ጠየቅሽኝ፤ እሳት ላይ እርጥብ ቅጠል ጥዬ ጢሱን ለፓይለቱ አሳየው ነበር፣ ጢሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎነብሰው ወደ ከተማው ነው።

አራተኛውን፣ «በሜዳው ሁለት ጫፎች ላይ ምን አለ» ያልሽውን፣ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። የኔሰው ወረቀት አለቀበት።

ለእናትሽ አልነገርሁም። አይንገሩብኝ ስላልሽ ነው። ከእናትሽ ከይርጋለም ጋር አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ገበታ እየበሉ ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስልሽ። እኔ ግን ቃሌን የምጠብቅ ሰው ነኝ።

አያትሽ ሰማው

ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ አላልሁትም። ጮኾ ካላነበበ አልሰማም፣ ከጮኸ ደግሞ ጃንጥላው ዙሪያ የተቀመጠ ባለጉዳይ ሁሉ ይሰማል። የቢቸና ሰው የራሱ ክስ ሳይበቃው የሰው ይሰማል።


ቢቸና፣ ጥቅምት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ማርያማዊት፣

አሁንም የኔሰው ነው። ጉንፋን ይዞታል፤ ወረቀቱ ላይ ካስነጠሰ ከኔ አትቁጠሪው።

ክብደቴን ጠየቅሽኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። የፋሲካ ሙክት መሰልሁሽ? ቀጥሎ ምክንያቱን ሲያነብልኝ ደግሜ አስነበብሁት። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ከኋላሽ ልታስቀምጪኝ ነው። እኔን። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሻንጣ አቀብያለሁ። ሙሽራ አሳፍሬአለሁ፤ በሽተኛ በቃሬዛ አሳፍሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ የአንድ ዳኛ ውሻ አሳፍሬአለሁ። «ሰማው፣ አንተም ውጣና እየው» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ውሻው ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ውሻውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ በመስኮቱ አየኝ።

ወፍጮ ቤት ሄጄ የእህል ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሃምሳ አንድ ኪሎ ነኝ። ባለወፍጮው «አባ ሰማው፣ ይሸርከቱ ወይስ ይላሙ?» ብሎ ሰው አሣቀብኝ። ይሣቅ። እሱ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ሃምሳ አንዱ ከነጋቢዬ ነው፣ ዱላዬ የለበትም። ዱላውን ትቼው እመጣለሁ።

ደግሞ ምድርን ከሰማይ የሚያሳይ ፎቶ በስልክሽ አየሁ ብለሻል። ሜዳው በነበረበት ቦታ ረዘም ያለ አረንጓዴ ይታየኛል፣ ፎቶው ግን ብዥ ያለ ነው፣ አረንጓዴው ምንድን ነው ብለሻል።

ሣር ነው።

የኔሰው፣ ምን ታየኛለህ? ጻፍ እንጂ። ሣር ነው። አንተ ሞጣ ሁለት ቀን ለክስ ሄደህ ይሆናል፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ጻፍ።

የሞጣ ሜዳ ሣር የታወቀ ነው። አንድ ባለጠጋ ሌላ ግጦሽ አጥቶ በሬዎቹን ቢለቅበት ሦስት ቀን አስሬበታለሁ። አስታራቂ ላከብኝ፤ መለስሁት። ቄስ ላከብኝ፤ መስቀሉን ተሳልሜ መለስሁት። በአራተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ጫማውን አውልቆ «ጌታው ሰማው» ሲለኝ ለቀቅሁለት። ሜዳ እንዲህ ነው የሚጠበቅ። ጫፎቹንም ጠይቀሽኝ ነበር። ጫፎቹ ላይ ምን ይኖራል? ሜዳ ሲያልቅ ሰማይ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለማወቅ ያህል ነው። ሞጣ ባይኖር ምን ታደርጊ ነበር?

እናትሽ ደኅና ናት። ወፍጮ ቤት ምን ፈልገህ ሄድህ አለችኝ። ጤፍ ላስፈጭ አልኋት። ጤፉስ አለችኝ። ይርጋለም የተፈጠረችው ለመጠየቅ ነው።

አያትሽ ሰማው

ይህንም አላስነበብሁትም።


ናይሮቢ፣ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። የጋሼ የኔሰው ጉንፋን ተሻለው? የሚሉትን ሁሉ ሳይቀንስ እንደሚጽፍልዎ ገብቶኛል፤ ብቻዬን ሥቄ ሥቄ የሆቴሉ ሰዎች አበደች አሉኝ። ስለ ክብደቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁሉንም ነው የምንመዝነው፤ ቦርሳዬን፣ ጫማዬን፣ የውኃ ላስቲኬን ሳይቀር።

ሞጣ ባይኖር ምን ታደርጊ ነበር ብለውኛል። የማብረር ፈታኜም ይኸንኑ የመሰለ ነበር የጠየቀኝ፤ እርስዎ ፓይለት መሆን ነበረብዎት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ይህች አውሮፕላን እዚያ ሙሉ ጭነት ይዛ መነሣት አትችልም። ከፊት እኔና ከኔ ይልቅ ብዙ የበረረ አንድ ጓደኛዬ እንቀመጣለን። በተረፈው ክብደት ወይ ነዳጅ እጭናለሁ፣ ወይ ሰው። ባሕር ዳር ቢዘጋብኝ ሞጣ ማረፍ የምችል ከሆነ ትንሽ ነዳጅ ይበቃኛል፣ እርስዎ ይሳፈራሉ። ሞጣ ከሌለ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰኝን ነዳጅ መያዝ አለብኝ። ያን ጊዜ ለሃምሳ አንድ ኪሎ ቦታ የለኝም።

ግን ሞጣ አለ። ጓደኛዬ «ይህን አሮጌ ሜዳ ማን አረጋገጠልሽ?» አለኝ። «ጠባቂው» አልሁት። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? በዕቅዴ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ጻፍሁት፦ ሞጣ፣ ሣር፣ አንድ ሺ ስድስት መቶ ርምጃ፣ ጫፎቹ ክፍት።

አባባ፣ ትንሽ ሳለሁ ስለ ጢሱ የነገሩኝን ያስታውሳሉ? ደመና ውስጥ የጠፋው ፓይለት ጢስዎን አይቶ እንዴት እንደወረደ፣ ወርዶም እጅዎን እንዴት እንደሳመ? እዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሁሉም ለምን ማብረር እንደፈለገ ሲናገር እኔ ያንን ጢስ ተናገርሁ። ማንም አልገባውም። ለኔ ግን ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 18 ቀን ጧት አዲስ አበባ ይገኙልኝ። ለእማዬ ባሕር ዳር ከገባን በኋላ ራሴ እነግራታለሁ። ቀድማ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ እኔንም አታስነሣኝም። አደራዎን።

ደግሞ አንድ ነገር። ስለ ሞጣ ብዙ ነግረውኛል፣ ከሞጣ ለምን እንደወጡ ግን ነግረውኝ አያውቁም።

ልጅዎ ማርያማዊት


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ማርያማዊት፣

የሚጽፈው የኔሰው ነው። ዛሬ ፊቱን አጥቁሯል። ምን ሆንህ ስለው «ምንም» ይለኛል። ምንም የሆነ ሰው እስክሪብቶ እንዲህ አይጨብጥም።

ከሞጣ ለምን ወጡ ብለሻል። ልንገርሽ። ሞጣ አብዱራዛቅ የሚባል ጨርቅና ጨው ነጋዴ ነበር። አሁንም አለ ይባላል። ዕቃው በዳኮታ ይመጣለት ስለነበር በየሳምንቱ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። ለበዓሌ በግ ይልክልኛል፣ ለበዓሉ ማር እልክለታለሁ። ጓደኛዬ ነበር፣ አልዋሽም።

አውሮፕላን መምጣት ካቆመ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ ግን በየጧቱ ሜዳዬን እዞራለሁ። አንድ ቀን የጭነት መኪና ሾፌር ከመሥሪያ ቤቴ የተላከ ፖስታ ሰጠኝ። ማንበብ የሚችል እሱ ነውና ወደ ሱቁ ሄድሁ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። አብዱራዛቅ ከፍቶ በሰው መካከል በጩኸት አነበበው። «አገልግሎትህ ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልግም።» አያስፈልግም የምትለዋን ቃል የሞጣ ገበያ ሁሉ ሰማት። ጌሾ የሚሰፍሩት ሴቶች እጃቸው ቆመ። በሬውን ያሰርሁበት ያ ባለጠጋ እዚያው ነበር፤ ዘወር ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። አዘነልኝ! ቢሥቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሳያልቅ ሚስቴንና እናትሽን ይዤ ወደ ሚስቴ አገር ወደ ቢቸና መጣሁ። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ከአብዱራዛቅ ጋር አልተነጋገርሁም። ሁለት ጊዜ ሰላምታ ላከብኝ። አልመለስሁም። ሰው በጓደኛው ላይ እንዲያ አይጮኽም።

የኔሰው የሚጠይቅሽ ጥያቄ አለ፤ የኔ አይደለም፣ የሱ ነው። ዛፍ የነበረበት መሬት ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ከአፈር እኩል ቢሆን፣ የአውሮፕላን ጎማ ያልፈዋል? የኔሰው፣ «እኔ አልጠየቅሁም» አትበል። ጻፍ። አንተ ነህ የጠየቅኸው።

በሚመጣው ሳምንት ለጉዳይ ሞጣ ደርሼ እመለሳለሁ። ለጥር የሚሆን ጫማ ገዝቻለሁ፣ ጎማው ቀላል ነው። ከሃምሳ አንዱ አያሳልፈኝም።

አያትሽ ሰማው

አሁንም አላስነበብሁትም።


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ማርያማዊት፣

እጁ የየኔሰው ነው። ዛሬ ቃሌን እንዳያለሰልስ በልጆቹ አስምዬዋለሁ።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ወግ ከጀመርሁ መንገድ ላይ እንዳልተወው ራሴን አላምነውም። ሞጣን ከዕቅድሽ ሰርዢ። በሰማያዊ የጻፍሽውን በቀይ ሰርዢው። አረንጓዴው ሣር አይደለም። ባሕር ዛፍ ነው። የተከልሁት እኔ ነኝ።

«ጉቶ ጎማ ይነቅላል፣ አውሮፕላን ይገለብጣል፣ ሰው ይገድላል፤ ግን ለምን ጠየቁኝ?» ብለሻል። ጥያቄው የየኔሰው አልነበረም። እሱ ምስኪን ስሙን ነው ያበደረኝ። ፊቱ ያን ቀን የጠቆረው ለዚህ ነው። «አባ ሰማው፣ ይህች ልጅ እኮ ትመጣለች» ብሎኝ ነበር። ይህን አትጻፍ ብዬው አልጻፈውም። እዚህ ተነግሮ ያልተጻፈ ያ ብቻ ነው።

ሞጣ የሄድሁት ላስቆርጠው ነበር። ዐሥራ ስድስት ጠጠር በቀኝ ኪሴ ይዤ፣ አዲሱን ጫማ አድርጌ ሄድሁ። ግንደወይን ላይ ጎማ ፈንድቶ ቆመን ነበር፤ ወርጄ በእግሬ ልመለስ ከጀለኝ። አልተመለስሁም። ከከተማው በኩል ጀምሬ መቁጠር ያዝሁ። መጀመሪያ ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ የሰው በቆሎ ነው። ሦስተኛውን ጠጠር ወደ ግራ ኪሴ ሳዛውር ግንዱ ፊቴ ቆመ። ዐሥራ ሦስቱ ጠጠር በቀኝ ኪሴ ቀረ። ወደ ላይ አየሁ፣ ጫፉ አይታይም። ቀጥ ብሎ ያደገ ነው፣ ጥሩ ዛፍ ነው፤ የዚያ ጊዜ እጄ መጥፎ አልነበረም። ወደ ውስጥ ባይ ቀን መሆኑ ጠፋኝ።

አብዱራዛቅ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ጢሙ እንደ ጥጥ ሆኗል። ሳቢራ የምትባል የልጅ ልጅ አለችው፤ እሱ የሚለውን ጆሮዬ ላይ ትጮህልኛለች።

«ሰማው ነህ?» አለ።

«ነኝ።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን በልተህ አሁን ምን ልትበላ መጣህ?»

«ዛፍ ላስቆርጥ።»

«ዛፍህን?»

«የኔ መሆኑን ማን ነገረህ?» አልሁት። እኔ እንደሆን ሲጨላልም ነው የተከልሁት። ሰው ያላየኝ መስሎኝ ነበር።

ሣቀ። «ኧረ የሰማው ደን ነው የሚባለው! ልጆች ኳስ የሚጠፋባቸው የሰማው ደን፤ ምሰሶ የሚቆረጠው ከሰማው ደን። ሞጣ ላይ ስምህ ከኔ ስም ይልቅ ይጠራል።»

እንዲህ ነው ልጄ። ሃያ ሁለት ዓመት በጠበቅሁት ሜዳ ስሜን የሚያነሣ የለም። በተንኮል በተከልሁት ተጠራሁ።

ላስቆርጠው እንደማልችል ነገረኝ። ቦታውም ዛፉም በመንግሥት ከተያዘ ቆይቷል፤ አንድ ግንድ ለመጣል በስንት ማመልከቻ ነው። ደግሞ ይቆረጥ ብንል ሦስት ጊዜ ተቆርጧል። ባሕር ዛፍ አንዱን ስትጥይው ከጉቶው አራት ሆኖ ይመለሳል። እኔ የተከልሁት አራት መቶ ነበር፤ ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የለም።

ልነሣ ስል ያ ጥያቄ መጣብኝ። «ለምን ጮኽህብኝ?» አልሁት።

«መቼ?»

«ደብዳቤውን ስታነብ!»

አብዱራዛቅ አሁን አልሣቀም። ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ሳቢራ ጆሮዬ ላይ ደገመችው። «ሰማው፣ በቀስታ ነበር የጀመርሁልህ። 'አልሰማሁህም፣ ጮክ በል' አልኸኝ። እንደገና አነበብሁልህ። 'ጮክ በል' አልኸኝ። በሦስተኛው ነው የጮኽሁት። ያኔም አትሰማም ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እንዳይከፋህ ዝም እንልህ ነበር እንጂ።»

ሳቢራ የሰጠችኝን ውኃ ጠጥቼ ተነሣሁ። እስከ መኪናው ሸኘኝ። እኔ ብሆን አልሸኘውም ነበር።

የተከልሁት ደብዳቤው በተነበበ በሳምንቱ ነው። ሐምሌ ነበር፣ መሬቱ ርሷል። ሁለት መቶውን በጮቄ በኩል፣ ሁለት መቶውን በከተማው በኩል። ሰማው ካላስፈለገ አውሮፕላንም አያስፈልግም፣ እኔ ባልቆምሁበት ሜዳ ማንም አያርፍበትም አልሁ። ማን እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚመጣው የዚያ መሥሪያ ቤት ሰው፣ የዚያ ዳኛ ውሻ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ትመጫለሽ ብሎ ማን ያስባል?

ችግኙን በዘንቢል ተሸክማ የምታቀብለኝ እናትሽ ነበረች። ዐሥር ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ አውሮፕላኑ የት ያርፋል?» አለችኝ። በጥፊ መታኋት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ ዝም ብላ አቀበለችኝ።

አሁን ገባሽ? ምስጢርሽን የጠበቅሁት ለአንቺ ብዬ አይደለም። ቃሌን የምጠብቅ ሰው ነኝ ብዬሽ ነበር፤ ሐሰት ነው። ትመጣለች ብዬ ለይርጋለም ብነግራት በዚያው ቀን «ዛፉስ?» ትለኝ ነበር። ያንን ጥያቄ ሁለተኛ ላለመስማት ነው አፌን የዘጋሁት። ትናንት ነገርኋት። ያንቺንም አደራ አብሬ በላሁ፣ ይቅር በይኝ። ብትጮህ እመርጥ ነበር። ነጠላዋን አጣፋችና «ስንት ወር ሆነህ ካወቅህ?» አለች። «ከመስከረም ጀምሮ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ዛሬ ግን ተከትላኝ መጥታለች፤ ከኋላዬ ቆማለች።

ለምን ዋሸህ ትይኛለሽ። ስለ ወንበሩ ነው። ሞጣ ካለ እሳፈራለሁ፣ ሞጣ ከሌለ አልሳፈርም፤ የጻፍሽውን የኔሰው አራት ጊዜ አንብቦልኛል። ከዚያ በፊት ሣር ነው ያልሁሽ በኩራት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ያልሁሽ ግን ለሃምሳ አንድ ኪሎዬ ስል ነው። ሥጋዬን ከሕይወትሽ ጋር በእህል ሚዛን አስቀመጥሁት፤ አንድ ወር ሙሉ የኔው ደፍቶ ነበር። ከዚህ የከፋ ነገር ስለ ራሴ አላውቅም።

የጢሱ ታሪክ እውነት ነው። እሱን አትጣይው። ፓይለቱ ወርዶ እጄን ስሞኛል። ያ ሰው እኔ ነበርሁ፣ ዛፍ የተከለውም እኔ ነኝ፣ ሁለቱም አንድ ሰው ነው። የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።

የኔን ሃምሳ አንድ ኪሎ ነዳጅ አድርጊው። እስከ አፉ ሙዪው። ባሕር ዳር ከተዘጋብሽ ወደ አዲስ አበባ ተመለሺ፤ ሞጣን አትመልከቺ፣ ዝቅ አትበይ፣ ሜዳ የሚመስል ነገር ብታዪ አትመኚው። ጥር 18 ቀን ቢቸና ደጃፌ ላይ እቆማለሁ። ጢስ አላጨስም። ጢስ ካየሽ የሌላ ሰው ነው። ድምፅሽን አልሰማም፤ እናትሽ ሰምታ በእጇ ወደ ሰማይ ታሳየኛለች፣ ካናገረችኝ።

የኔሰው «ጊዜ አናጥፋ፣ ልደውልና ልንገራት» አለ። ይደውል፤ ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ይደውል። ሐሰቱ በወረቀት ሄዷል፣ እውነቱም በወረቀት ይድረስሽ። ገጾቹን አሁኑኑ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል፤ ሾፌር አንጠብቅም።

አያትሽ ሰማው

የኔሰው፣ አልቋል። እስክሪብቶውን አስቀምጥና አንብብልኝ። ተቀመጥ፣ ወደ ጓሮ አንሄድም፤ እዚሁ ጃንጥላው ሥር ነው። ባለጉዳዩ ይስማ። ይርጋለም፣ አንቺም ቀረብ በይ። «አረንጓዴው ሣር አይደለም» ከሚለው ጀምር።

አልሰማሁህም። ጮክ በል።